ከአራሷ አልጋ ጀርባ

የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደችበት ክረምት ሰው ሁሉ አዋቂ ነበር፣ ከእኔ በቀር። ልጅቷ ለምን እንደምታስል ሁሉም ያውቃል። ግድግዳው ለምን እንደጠቆረም ሁሉም ያውቃል። ችግሩ የአንዱ እውቀት ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ እኔ ደግሞ መጨረሻ የሰማሁትን የማምን ሰው ነኝ። ጠዋት አንዱን አምኜ ከቤት እወጣለሁ፣ ማታ ሌላውን አምኜ እመለሳለሁ። ዛሬም የዚያ ክረምት ነገር ሲነሳ ራሴን ማከክ እጀምራለሁ።

የምንኖረው አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው ከላይ ሲሚንቶ ተለስኗል፤ ልስኑ ግን እንግዳ ለማታለል ያህል ነው እንጂ ከስር ያው ጭቃና ጭድ ነው። የሰፈራችን ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ያብጣል፣ አብሮት ይሰነጠቃል። የውስጠኛው ክፍል የእንጨት መዝጊያ ያላት አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ነበረችው። አንደኛው ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራችን ነው። ጎረቤታችን ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። በወዲያ በኩል ሲያስነጥሱ እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ ይማርዎት እላቸው ነበር፤ እሳቸውም ያኑርህ ይሉኛል።

ሚስቴ ስትወልድ እናቷ አራሷን ሊንከባከቡ ከገጠር መጡ። አማቴ ከሚስቴ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ ጥርስ ሳያበቅል ሞተባቸው። ንፋስ ወሰደብኝ ይላሉ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩም። ስለዚህ በመጡ ዕለት ጓዛቸውን እንኳ ሳይፈቱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መስኮቷን መዝጋት ነው። ስንጥቁን በጨርቅ ወተፉት። በላዩ ላይ ላስቲክ ወጥረው በምስማር አስመቱኝ። በሩ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ አንጠለጠሉ። እኔ ምንም አልከፋኝም። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ተሳፋሪ ሲገጥመኝ ቀድሜ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ንፋስ መፍራትን ማንም አላስተማረኝም፣ አብሮኝ ነው ያደገው።

በዚያች በተዘጋች ክፍል ውስጥ የማይፈላ ነገር አልነበረም። አጥሚቱ እዚያው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፣ የልጅቷ መታጠቢያ ውሃ እዚያው ይሞቃል። የሽንት ጨርቆቿ ከአልጋው በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ይሰጣሉ። ውጪ ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራም የአራስ ልጅ ልብስ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ዓይን እንዲያርፍበት አማቴ አይፈቅዱም። ከሥራ ስገባ ከብርድ ወደ ሙቀት ስለሆነ ደስ ይለኛል። ገመዱ ላይ ካለው ጨርቅ አንገቴ ላይ ጠብ ሲል እንኳ የቤት ሙቀት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ጥቁሩን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ከአልጋው ጀርባ የወደቀ የልጅቷን ካልሲ ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። በጋራው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ትራሱ ድረስ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኗል። ጥላሸት መስሎኝ በጣቴ ጠረግ ባደርገው ጣቴ ላይ ተለጠፈ። የታፈነ ጆንያ ይሸታል። ሻጋታ ነው። ሻጋታ ዳቦ ላይ አውቃለሁ፣ ቂጣ ላይ አውቃለሁ፤ ሰው የሚደገፈው ግድግዳ ላይ ሲበቅል ግን ምን እንደሚባል፣ ለማን አቤት እንደሚባል አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ተያያዘ፣ ጠርዙም አረንጓዴ እየሆነ መጣ።

ልጅቷ ማሳል የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ሳሏ ደረቅና አጭር ነው። ከሳለች በኋላ ግን ደረቷ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ያ ፉጨት አንጀቴን ይበላኛል። ልጄ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። አማቴ ደግሞ ልጅቷ በሳለች ቁጥር ዓይናቸው ወደ መስኮቷ ይሄዳል፤ የወተፉትን ጨርቅ በአውራ ጣታቸው እንደገና ጫን ጫን ያደርጉታል።

እሳቸው እንደሚሉት ነገሩ ግልጽ ነው። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁ ንፋስ ይገባል፣ ግድግዳውን ያጠቆረውም ልጅቷን ያሳላትም ያው ንፋስ ነው። አመንኩ። ካርቶን አምጥቼ ጥቁሩ ላይ ለጠፍኩ፣ በካርቶኑ ላይ ላስቲክ ደረብኩ፣ እንዳይወድቅም አልጋውን ወደ ግድግዳው አጥብቄ ገፋሁት። ጥቁሩ ከዓይናችን ጠፋ። ለሳሉ ደግሞ አማቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት እያፈሉ ደረቷን ይክፈትላት ብለው ከአልጋው ሥር ያስቀምጡላታል። እንፋሎቱ ክፍሉን ስለሚሞላው እርስ በርሳችን እየተፈላለግን እናወራለን። ሳሉ ባሰ። ሳሉ ሲብስ ድስቱ ይደገማል።

እኔ የምሠራው ቃሊቲ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ አስደረድራለሁ፣ ገቢና ወጪውን እቆጣጠራለሁ። እዚያ ነገሩን ባወራ አንዱ ጓደኛዬ ጣራህ ያፈሳል አለኝ። በእረፍት ቀኔ ጣራው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን ምስማር በምስማር ዳበስኩት፤ አሸንዳውን ጠረግኩ፤ በልቤ ተኝቼ በቀዳዳ ሁሉ አጮለቅኩ። የሚያፈስ ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ውሃው ከጎረቤት ነው የሚመጣው አለኝ። ይህኛው በጣም ተስማማኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከእኔ ቤት ይወጣል። ሽማግሌው በግድግዳው ወዲያ በኩል እንደሚታጠቡ፣ ሳፋ ሲጎትቱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያ ሁሉ ውሃ ታዲያ የት ይሄዳል?

ደጃቸው ቆሜ የሆዴን ተናገርኩ። ልጅ እየታመመብኝ ነው፣ ውሃዎን ያንሱልኝ አልኩ። ሽማግሌው ረጋ ብለው ሰሙኝና ቤቴ ደረቅ ነው፣ ግባና በዓይንህ እይ አሉኝ። አልገባም አልኩ። ከገባሁ ቁጭ በል ይሉኛል፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርጌ እጣላለሁ? ጥዬአቸው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሲያስነጥሱ ዝም አልኳቸው። እሳቸውም ማስነጠሳቸውን ቀነስ ያደረጉ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣው የመድኃኒት ምክር ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ በረኪና እንጂ ሌላ ነገር ሻጋታ አይገድልም አለችኝ። መጋዘን ስደርስ ያ ጣራህ ያፈሳል ያለኝ ጓደኛዬ በረኪና ዋጋ የለውም፣ ሻጋታን ከሥሩ የሚነቅለው አቼቶ ነው አለ። ሁለቱም ሲናገሩ አይጠራጠሩም። ሁለቱንም ገዛሁ። ሁለቱ ለየብቻ ትክክል ከሆኑ፣ ተቀላቅለው ደግሞ ይበልጥ ትክክል ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ማንንም ሳላስቀይም ነው።

የልጅቷ የአርባ አምስት ቀን ክትባት ሲደርስ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ። እናትና ልጅ ከዚያች ክፍል ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። አማቴ ልጅቷን በፎጣ ላይ ፎጣ፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ጠቅልለው ሲጨርሱ ሕፃን ይሁን የአልጋ ልብስ የማይለይ ጥቅል ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሚስቴም ተከተለች። እኔ ሚኒባሱ እስኪነሳ ጠብቄ ወደ ቤት ገባሁ። ሲመለሱ ግድግዳው ነጽቶ ላስደንቃቸው ነው።

አልጋውን ጎትቼ ላስቲኩን ገነጠልኩ። ካርቶኑ አብሮት መጣ። የካርቶኑ ጀርባ ጸጉር አብቅሏል፤ ግድግዳው ደግሞ እኔ ከሸፈንኩት ወዲህ ከወለል እስከ ወገቤ ጥቁር ሆኗል። ለካ የልጄ ጭንቅላት ያን ሁሉ ቀን ከዚህ ነገር አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው የተኛው። በንዴት በረኪናውን ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩ፣ አቼቶውን በላዩ አፈሰስኩ። መድኃኒቱ ኃይሉ እንዳይወጣ ብዬ በሩን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሱንም አወረድኩ። መስኮቷ እንደሆነች አማቴ አሽገዋታል።

የምጠርግበትን ጨርቅ ሁለት ጊዜ እንኳ ነክሬ አልጨረስኩም። ዓይኔ እንደ በርበሬ ተቃጠለ። ስተነፍስ የሚገባው አየር ጉሮሮዬን እየላጠ ነው የሚወርደው፤ እንዳልተነፍስ ደግሞ ሳሉ አላስቻለኝም። በሩ ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ። በገዛ ቤቴ፣ በሁለት እርምጃ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ጠፋኝ። በእጄ የያዝኩት ሁሉ ብርድ ልብስ ነው፤ የበሩ ይሁን የአልጋው አልለየሁም። መጮህ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ጥቁሩን ግድግዳ በቡጢ ደበደብኩት።

ሽማግሌው ሰሙ። በኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ልጣላቸው የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ሳሌን ሲሰሙ ግን ዞረው በጓሮ በኩል መጡና በያዙት የብረት ዘንግ የመስኮቷን መዝጊያ ከነላስቲኩ ፈነቀሉት። ብርሃን ገባ፣ ከብርሃኑ ጋር አየር ገባ፣ በሩም ሁልጊዜ የሚኖርበት ቦታ ላይ ታየኝ። ወጥቼ ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ሽማግሌው በብብቴ ይዘው ከበሩ ራቅ አደረጉኝ፣ ዓይኔን በውሃ አጠቡልኝ።

"ከእኔ ጋር ለመጣላት ይህን ያህል መድከም አልነበረብህም" አሉኝ።

ቤታቸው አስገብተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። እንባዬ ሲቆም ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ታየኝ። ያው ግድግዳ ነው፣ የጋራው። ኖራ የተቀባ፣ የማርያም ሥዕል የተሰቀለበት ደረቅ ግድግዳ። ተነስቼ በመዳፌ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ሥሩን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ሳፋቸው ደጅ ተደፍቷል። መስኮታቸው በዚያ ዝናብ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውሃው ከጣራው አይደለም፣ ከጎረቤትም አይደለም። ታዲያ ከየት ነው? ከእሳቸው ካልሆነ ከእኛ ነው ማለት ነው፣ አልኩ ለራሴ። የእኛ ቤት ውስጥ ግን ቧንቧ እንኳ የለም።

ሚስቴና አማቴ ሲመለሱ ወደ ቤታችን መግባት አልተቻለም። ሽታው ደጅ ድረስ ያንቃል። ሽማግሌው ወደ እኔ ቤት ኑ አሏቸው። አማቴ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የተከፈተውን መስኮት አዩና ቆሙ። ዝናብ እየዘነበባቸው፣ ልጅቷን አቅፈው፣ ወደ ውስጥም ወደ ኋላም ሳይሉ ቆዩ። በመጨረሻ ገብተው ከመስኮቱ ራቅ ያለ ጥግ ፈልገው ተቀመጡ። ልጅቷ እዚያ ውላ አልሳለችም ብል ውሸት ነው፤ ሳለች። ግን እንቅልፍ ወሰዳት፣ ረጅም እንቅልፍ፤ ሦስታችንም ተራ በተራ ጆሯችንን ወደ ደረቷ አስጠግተን አዳመጥን።

ሚስቴ የጤና ጣቢያውን ነገር ያወራችልኝ ያኔ ነው። ክትባት የምትሰጠው ነርስ ልጅቷን በማዳመጫ ካዳመጠች በኋላ ስለ ቤታችን ጠየቀቻት፤ ምን ይፈላል፣ ጨርቅ የት ይሰጣል፣ መስኮት አለ ወይ፣ ግድግዳው ይሻግታል ወይ። ከዚያ መስኮቱን ክፈቱ፣ ድስቱን አውጡ ብላ ነገረቻቸው። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አማቴ እየሰሙ የልጅቷን ፎጣ ያስተካክላሉ።

እኔም ጉሮሮዬ አልሽር ብሎ በማግስቱ ወደዚያችው ነርስ ሄድኩ። ያደረግኩትን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም አለችኝ። ቀጥላ እንደ ልጅ እያስደገመች ነገረችኝ። ሕፃኗና እናቷ ከቤት ይውጡ፤ መስኮትና በር ይከፈት፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ጓንት አድርግ። ደረቁን አትፈግፍግ፣ ይበናል፤ መጀመሪያ አርጥበው፣ በሳሙና ውሃ እጠበው፣ ከዚያ በደንብ አድርቀው። ካርቶኑን በፌስታል ቋጥረህ ጣል። እርጥበቱን ካላስቆምክ ግን ተመልሶ ይመጣል አለች። ልጄን ያሳላት ሻጋታው ነው ወይስ ንፋሱ ብዬ ጠየቅኳት። ሻጋታው ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ ሆኜ ግን አልነግርህም፣ ደረቷን በድጋሚ እንየው አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ እርግጠኛ ሰዎች ሲመክሩኝ ከርመው፣ ያወቀችው ሰው ሊሆን ይችላል አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ ግን አመንኳት።

ሥራ ስመለስ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል፣ ከግድግዳው ሰው የሚያሳልፍ ያህል ርቀዋል። ላይኛዎቹ መስኮቶች ተከፍተዋል። ጠዋት ጠዋት የምከፍታቸው እኔ ነኝ፤ ጆንያ ከግድግዳ ያስጠጋ ሠራተኛ የሚሰደበውም በእኔ አፍ ነው። እህል ይተነፍሳል፣ ከታፈነ ላብ ያልበዋል፣ ካላበው ይሻግታል እያልኩ አዲስ ሠራተኛ ሳስተምር ዓመታት አልፈውኛል። ለምስር ጆንያ ይህን ሁሉ እያወቅኩ የልጄን አልጋ ከግድግዳ ጋር አጣበቅኩት። ውሃው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ፤ ከድስቱ፣ ከገመዱ፣ ከራሳችን ትንፋሽ ነው። ሳቄ መጣ፤ የእፍረት ሳይሆን የንዴት ሳቅ።

ግድግዳውን ነርሷ እንዳለችው አጠብኩት። እናትና ልጅ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ሽማግሌው ቤት ከረሙ፤ እሳቸው ማስነጠሳቸውን ጀመሩ፣ እኔም ይማርዎት ማለቴን። የበሰበሰውን ልስን ፍቄ ኖራ ቀባሁት። ምድጃው ወደ ውጪኛው ክፍል ወጣ፣ አልጋው ከግድግዳው ራቀ። የመስኮቷን መዝጊያም መልሼ ገጠምኩ። ለአማቴ ክፈቱት ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ልጅ ያጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ቤት በተመለሱ ዕለት መስኮቷን እንደተዘጋች ትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ማታ ስገባ በክፍሉ ውስጥ ብርድ ተቀበለኝ። መስኮቷ ተከፍታለች። አማቴ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለመስኮቷ ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ በእሳቸውና በግድግዳው መካከል አልጋው ላይ ልጅቷ ተኝታለች። ንፋሱ መጀመሪያ እሳቸውን እንዲያገኝ ነው እንደዚያ የተቀመጡት። ሚስቴ በዓይኗ ዝም በል አለችኝ።

እጄን ታጥቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጅቷን እያዩ፣

"ያኔም ዘግቼው ነበር" አሉ።

የልጅቷን ብርድ ልብስ ሳብ አደረጉላት።

"ልጄ የታመመ ጊዜ ቤቱን ቀንም ሌትም ዘግቼ ነው የያዝኩት። ቀዳዳ አልነበረውም፣ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ መርጌዋለሁ" አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ታዲያ ንፋሱ በየት ገባ?"

በዚያ ክረምት ሁሉም ሲነግረኝ ነው የከረመው፤ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። የዚያ ልጅ ነገር ምን እንደነበረ በእርግጥም አላውቅም።

"አላውቅም፣ እማማ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ተከናነቡና በርጩማቸውን ትንሽ ወደ መስኮቷ አስጠጉ። መስኮቷን ግን አልዘጓትም።